በቀብር ላይ የማይነበበው ገጽ

አዲስ አበባ ውስጥ ቀብር ደርሶ የሚያውቅ ሁሉ ጽሑፉን በቃሉ ይወጣዋል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በእንዲህ ያለ ጠቅላይ ግዛት፣ በእንዲህ ያለ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ...» እያለ ይቀጥላል። የሥራ ዘመን ይቆጠራል፣ ልጅና የልጅ ልጅ ይቆጠራል፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይባላል፣ ከዚያ ቀኑ። መጨረሻ ላይ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይና ለተቸገረ ደራሽ ናቸው። የሚያነበው ድምፁ ጎላ ያለ ዘመድ ነው፤ እሱ ከሌለ የእድሩ ጸሐፊ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ኪስ ይገባል፣ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ይመለሳል።

እስኪ አስቡት፤ ስለ አብዛኞቻችን አያቶች፣ ስለ ብዙዎቻችንም አባትና እናት፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ቢኖር ያ ወረቀት ነው። ሰባና ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው በአንድ ገጽ ያልቃል፤ ያውም ግማሹ የቦታና የመሥሪያ ቤት ስም በሆነ ገጽ። የወረቀቱ ጀርባ ባዶ ነው።

ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚያ ባዶ ጀርባ ነው። ሰው የራሱን ወይም የቅርብ ሰዉን ሕይወት፣ ሐዘኑንም ጨምሮ፣ በራሱ አንደበት የሚጽፍበት የግል ትውስታ የሚባል የጽሑፍ ዓይነት አለ። እኛ ጋ ይሄ ነገር የትልልቅ ሰዎች ሥራ ተደርጎ ይታያል። ሚኒስትር የነበረ፣ ጦር የመራ፣ እስር ቤት የከረመ ይጽፋል። የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ ምን ብላ ትጽፋለች? እኔ «ትጻፍ» ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ደብተር ያለው ሐዘን

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሥርዓቱ ነው። በሐዘን ጉዳይ ደግሞ የሚያስቀና ሥርዓት አለን። እድር በየወሩ ጥቂት ብር ይሰበስባል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ብረት ድስት ያወጣል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል፣ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ስቴፋን ዴርኮን የተባሉት ኢኮኖሚስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያንና የታንዛኒያን የቀብር ማኅበራት አጥንተዋል። እነዚህ ማኅበራት ከተራ መረዳዳት አልፈው ግልጽ ደንብና መዋጮ ያላቸው፣ እንደ ኢንሹራንስ የሚሠሩ ተቋማት መሆናቸውን አሳይተዋል። በአጭሩ፣ ሐዘናችን ደብተር አለው።

ደብተሩ ላይ ግን ምን ይጻፋል? ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ሞተ፣ ስንት ወጣ። የሞተው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ የሚሞላበት ዓምድ የለም። ያ ሥራ ለአፍ ነው የተተወው። ለአልቃሽ፣ ለሙሾ፣ ሰልስት ላይ ቡና ሲጠጣ ለሚወራው ወግ። ጎበዝ አልቃሽ የሟቹን ሙያ፣ አረማመዱን፣ ለማን እንደሚሳሳ እያነሳች በግጥም ስታወርደው፣ የግል ትውስታውን ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት እያዜመችው ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ አልቃሽ እየጠፋች ነው። በምትኩ ፌስቡክ ላይ የሻማ ፎቶ ይለጠፋል፣ ሥሩ ሰዉ ተራ በተራ «ነፍስ ይማር» ይጽፋል። ይሄ ክፉ ነገር አይደለም፤ ለቅሶ መድረስ ነው። ከአርባው በኋላ ግን ያ ሰው በምን ይስቅ እንደነበር፣ ምን ሲሉት እንደሚናደድ የሚናገር አንድ መስመር ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም።

ሠላሳ ዓመት የዘገዩ መጻሕፍት

የራስን ሕይወት መጻፍ ለአማርኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የተማሩት፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈዋል። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» የሚል መጽሐፍ ትተዋል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በፋሺስት ወረራ ዘመን ያዩትን «ትዝታ» ብለው በ1985 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከለገሃር ወደ ብሔራዊ ቴአትር ስትወጡ የምታዩት ክቡ ሕንፃ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። ያንን ባንክ የመሩት ተፈራ ደግፌ በደርግ ታስረው የያዙት ማስታወሻ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። የባንክ ገዢ እስር ቤት ሆኖ የዕለት ውሎውን ሲጽፍ ማንበብ ለኔ ቢጤ የኢኮኖሚክስ ተመራቂ የተለየ ስሜት አለው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት መጽሐፍ በ1999 ዓ.ም.፣ የራስ እምሩ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሲታተሙ ሁለቱም ጸሐፊዎች ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ሁለተኛ፣ እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም ባለ ማዕረግ ወይም ባለ ሥልጣን።

ለዚህ ነው የአይዳ እደማርያም መጽሐፍ ልቤን የነካው። አይዳ እንግሊዝ ሀገር የምትሠራ ጋዜጠኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው «ዘ ዋይፍስ ቴል» ስለ ጎንደሬዋ አያቷ ስለ ወይዘሮ የተመኙ ነው። በስምንት ዓመታቸው ለካህን ተዳሩ፣ ልጆች ወለዱ፣ ልጆች ቀበሩ፣ ባላቸው ታስረው ሲሞቱ ደጅ ጠኑ፣ ተሟገቱ፣ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ኖሩ። አይዳ አያቷን ለዓመታት እያስወራች ቀዳች፣ ከዚያ መጽሐፉን በእኛው ወሮች ከፋፍላ ጻፈችው። መጽሐፉ በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የኦንዳቼ ሽልማትን አገኘ። ሥልጣን ያልነበራቸው አንዲት ሴት ወይዘሮ፣ ከአብዛኛው ሚኒስትር የበለጠ ዘመኑን አሳዩን። እዚህ የተሠራው ሥራ ሲጀመር ቀላል ነበር፤ አያትን ማስቀመጥና መጠየቅ፣ ድምፁን መቅዳት።

ሳይለቀስ የቀረ

ከለገሃር ተነስታችሁ ወደ መስቀል አደባባይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብትሄዱ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ግድግዳው ላይ በረድፍ የተደረደሩት ፎቶዎች አብዛኞቹ የእኛ እኩዮች ናቸው። አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ የመታወቂያ ፎቶ ላይ የሚታይ ኮስታራ ፊት።

በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ከተገደሉት የብዙዎቹ ወላጆች ማልቀስ ተከልክለው ነበር። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉም ነበሩ። ድንኳን የለም፣ እድር የለም፣ አልቃሽ የለም፣ የሚነበብ ወረቀት የለም። ቅድም የቆጠርኩት የሐዘን ሥርዓት በሙሉ ተዘግቶባቸዋል። እንዲህ ያለ ሐዘን የት ይሄዳል?

አንዱ መሄጃው ወረቀት ሆነ። ሕይወት ተፈራ ከሐረር መጥታ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባች ወጣት ነበረች። ኢሕአፓን ተቀላቀለች፣ ጌታቸው ማሩን አፈቀረች። ጌታቸው ሞተ፤ መጽሐፏ እንደሚተርከው የሞተውም በራሱ ድርጅት ሰዎች እጅ ነው። እሷ ስምንት ዓመት ታሰረች። ታሪኳን በእንግሊዝኛ ጽፋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ «ማማ በሰማይ» ተብሎ በአማርኛም ወጥቷል። ከነገሩ እስከ መጽሐፉ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ።

ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል። ብዙው ማን በማን ላይ ቀደመ፣ ማን ጥፋተኛ ነው የሚል ክርክር ነው። ሕይወት የጻፈችው ግን የምትወደው ሰው የት እንደደረሰ ሳታውቅ ስለምትጠብቅ ሴት ልጅ ነው። በዚያ ዘመን ላይ የማትስማሙ ሁለት ሰዎች ብትሆኑም ይሄን ገጽ አብራችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። የግል ትውስታ ጥቅሙ እዚህ ጋ ይታየኛል፤ ክርክሩን አይፈታም፣ ግን ክርክሩ ውስጥ ሰው እንደነበረ ያስታውሳል።

የጫማ ቁጥር

አሁን ወደ ራሴ ሰፈር ልምጣ። ለገሃር ስሙን ያገኘው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ አሁን የምናየው የጣቢያ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። የ784 ኪሎ ሜትሩ መስመር ታሪክ ተጽፏል። ምኒልክ አሉበት፣ አልፍሬድ ኢልግ አለበት፣ ፈረንሳዮቹ አሉበት። በየሳምንቱ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ አዋሽ እያለ የሚወርደውና የሚወጣው ትኬት ተቆጣጣሪ የለበትም።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ እንዲያ ያለ ተቆጣጣሪ ነበር። ሲሞት የተነበበው የሕይወት ታሪክ አሥራ አራት ዓረፍተ ነገር ነበረው። ቆጥሬዋለሁ። «የአምስት ልጆች አባት» ይላል። ወረቀቱ ሲነበብ ከሰዉ ኋላ፣ ከዋርካው ሥር፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ነበር። ከድሬዳዋ ነው የመጣው። ቅንድቡ የአያቴ ነው፣ አቋቋሙ የአያቴ ነው። ሁሉም አይቶታል፣ ማንም ምንም አላለም። የሐዲዱ ሰዎች በሁለቱ ጫፍ ቤት ነበራቸው ሲባል እንደ ቀልድ እሰማ ነበር።

ከአርባው በኋላ የብረት ሣጥኑ ተከፈተ። የትኬት መብሻ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፉ የደመወዝ ወረቀቶችና አንድ ሰማያዊ ደብተር አገኘን። ደብተሩ ሁለት ዓምድ አለው፤ «ወደ ታች» እና «ወደ ላይ»። ወደ ታች፤ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጫማ ቁጥር 27። ወደ ላይ፤ ብርቱካን፣ ሳሙና፣ ያልተሰፋ ጨርቅ፣ ጫማ ቁጥር 30። በቀጣዩ ዓመት ወደ ታች 29፣ ወደ ላይ 32። እንዲህ እያለ ወደ አሥር ዓመት ይሄዳል። ዳታ ማንበብ የተማረ ሰው ወዲያው የሚያየው ነገር ነው፤ በሁለት ከተማ ሁለት ልጆች ደብተሩ ላይ እያደጉ ነበር።

ልጽፈው እንደሆነ ስናገር አክስቴ ደነገጠች። «የሞተ ሰው ገመና ይዘሽ አደባባይ ልትወጪ ነው?» አለችኝ። ገመና የሚለውን ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ይከብዳል። ነውር ብቻ አይደለም፣ ምስጢር ብቻም አይደለም፤ የቤተሰብ ልብስ ነው፣ ከተገለጠ ሁሉም ይበርደዋል። የአክስቴ ሥጋት ከንቱ አልነበረም። አያቴ ይወዳቸው የነበሩ ጎረቤቶች አሉ፣ እናቷ ያቺ ሴት ስትነሳ እያለቀሱ ያደሩበትን ሌሊት ታስታውሳለች። እኔ የማላስታውሰውን ሕመም እሷ ነው የተሸከመችው።

ስለዚህ ነገሩ ከሁላችን በላይ የሚመለከተውን ሰው ጠየቅኩ። ስልክ ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ስለ አባባ ልጽፍ ነው፣ እርስዎንም ልጽፍ ነው፣ ይፈቅዱልኛል?» አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ጻፊው» አለኝ። «ስሜን አትጥሪ። ቀብሩ ላይ እንደነበርኩ ግን ጻፊ።» ስለ ጫማው ስነግረው ሳቀ። «ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይሰፋኝ ነበር። ጫፉ ላይ ወረቀት እንወትፍበት ነበር። እንዲያድግበት ብሎ ነው።»

ይሄን ለአክስቴ ነገርኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም ነበር። ቡናውን ቀድታ ስኒውን እየሰጠችኝ፣ «የኔም ይሰፋኝ ነበር» አለች። ከዚያ ደብተሩን አምጪው አለችኝ። የቤተሰቡ ስም እንዳይወጣ ተስማምተናል፤ ይኸው አልወጣም።

ገመናና እውነት

ከዚህ የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንድን ነገር ስትጽፉ ሦስት ሰው አለ፤ ጸሐፊው፣ ሟቹ፣ በሕይወት ያለው። ሟቹ አይጠየቅም። በሕይወት ያለው ግን ይጠየቃል፤ በተለይ በጽሑፉ ምክንያት ነገ ሱቅ ሲሄድ የሚታየው እሱ ከሆነ። ፈቃድ ካልሰጠ ስም ቀይሩ፣ ከተማ ቀይሩ፣ ካልሆነም ጻፉትና አስቀምጡት። የተጻፈ ሁሉ ዛሬ መለጠፍ የለበትም። ሠላሳ ዓመት የጠበቁ መጻሕፍት አይተናል።

ሌላው፣ ጽሑፉ ክስ እንዳይሆን። የሞተ ሰው ጠበቃ የለውም። አያቴን ጥፋተኛ ላደርገው ብል ደብተሩ በቂ ማስረጃ ነበር። ጻድቅ ላደርገው ብልም ወረቀቱ ቀድሞኛል። ሁለቱም አይመስሉትም። ጫማውን የገዛውም፣ ሁለት ሴት ያስለቀሰውም እሱ ነው።

መጻፍ ያድናል?

ኢንተርኔት ላይ «ጻፉት፣ ይቀላችኋል» የሚል ምክር ሞልቷል። መነሻው እውነተኛ ጥናት ነው። ጄምስ ፔኔቤከር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሥራ ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ሙከራ 46 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ቀን እንዲጽፉ አደረገ። ከተማሪዎቹ የተወሰኑት የከበደ ሕይወት ገጠመኛቸውን ጻፉ፣ የቀሩት ተራ ነገር። ስለ ገጠመኛቸው፣ ስሜታቸውንም ጨምረው የጻፉት በጻፉበት ሰሞን ይበልጥ ከፋቸው። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ቀነሰ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጓል። በ2006 ከ140 በላይ ሙከራዎችን ደምሮ ያየ ትንተና ጥቅሙ እንዳለ፣ መጠኑ ግን ትንሽ እንደሆነ አገኘ። በተለይ ባል ወይም ሚስት በሞቱባቸው ሰዎች ላይ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት ደግሞ መጻፉ ሐዘኑን እንዳፋጠነላቸው ማስረጃ አላገኘም።

ስለዚህ ለመዳን ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ሐዘኑ ከከበዳችሁ፣ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ከሰው ጋር ተነጋገሩ፣ ሐኪም እዩ፤ ደብተር የሐኪምን ሥራ አይሠራም። መጻፍ በእርግጠኝነት የሚሠራው ሌላ ሥራ አለ፤ ሰውየው እንዳይጠፋ ያደርጋል። ሥራው የምዝገባ ነው። የጫማ ቁጥሩ ካልተጻፈ አክስቴና የድሬዳዋው ወንድሟ አንድ አባት እንደነበራቸው የሚያውቁት በቅንድብ ብቻ ነበር።

ከየት ልጀምር ለምትሉ

መጀመሪያ ተውላጠ ስም ምረጡ። የአማርኛ ጸሐፊ ሐዘኑን ሊጽፍ ሲቀመጥ ፊቱ የሚቆመው ጥያቄ ይሄ ነው፤ «አንተ» ነው፣ «እሱ» ነው ወይስ «እሳቸው»? ዕድሜ ልክ «አንተ አባባ» ሲባል የኖረ ሰው በሞተ በማግስቱ ወረቀት ላይ «እሳቸው» ይሆናል፤ እዚያው ከእጃችን ያመልጣል። በሕይወት ሳለ በምትጠሩት ጥሩት። «አንቱ» ትሉ ከነበረም አንቱ በሉ። አክብሮቱ ከቃሉ ይልቅ በልክ መጻፉ ላይ ነው።

ከዕቃ ጀምሩ። «በጣም እወደው ነበር» የሚለውን ሁሉም ይለዋል። የትኬት መብሻው፣ የነጠላዋ ጥለት፣ በአንድ በኩል የተሰነጠቀው መነጽር፣ ሬዲዮ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር የሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

ቀኑን አጣሩ። አያቶቻችን ዘመን የሚቆጥሩት በክስተት ነው፤ «ጃንሆይ የወረዱ ጊዜ»፣ «በሰባ ሰባት ድርቅ»፣ «ደርግ የወደቀ ዓመት»። ያንን እንዳለ ጻፉት፣ ጎኑ ላይ ዓመተ ምሕረቱን አስቀምጡ። የክርስትና ወረቀት፣ የድሮ ቀበሌ መታወቂያ፣ የእድር ደብተር፣ የፎቶ ጀርባ ሁሉ ምስክር ነው። ወረቀት ምን ያህል እንደሚናገር ለማየት ለምን ሲሳይን አስታውሱ። ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ሀገር የተወለደው ገጣሚ በማደጎና በሕፃናት ማሳደጊያ ነው ያደገው፤ ኖርማን የሚል ስም ተሰጥቶት። እውነተኛ ስሙ ለምን መሆኑን ያወቀው ከወረቀት ነው። እናቱ ልጄን መልሱልኝ ብላ የጻፈችው ደብዳቤም ፋይሉ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ በእነዚያ ሰነዶች ላይ ነው የቆመው።

ስልካችሁን ተጠቀሙ። ድምፅ መቅጃው ነፃ ነው። አያታችሁን ቡና ሲያፈሉ፣ ምስር ሲለቅሙ አስወሯቸው፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» ካላችሁ የቀብሩን ወረቀት ነው የሚነግሯችሁ። «መጀመሪያ የተቀጠሩ ቀን ምን ለብሰው ነበር?» በሏቸው። የቀዳችሁትን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፣ ለአንድ ዘመድም ላኩት። ስልክ ይሰረቃል፣ ስክሪን ይሰበራል፣ ድምፁ ግን ሌላ ቦታም ይኑር።

አጭር ጻፉ። አንድ ቀን፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ ጭቅጭቅ። አምስት መቶ ቃል ከታሪካዊ መግቢያ ጋር ከሚጀመር፣ ከማያልቅ መጽሐፍ ይሻላል።

ሰፈሩ ሳይቀየር

ለምን አሁን? አንዱ ምክንያት ሰዎቹ እያረጁ ስለሆነ ነው። ሌላው ቦታው ነው። ካዛንቺስ ስሙ ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሩት ቤት የመጣ ነው ይባላል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ነዋሪ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሌላ ሰፈር ገብቷል። ለገሃርም 36 ሄክታር ላይ የሚያርፈው አዲስ የከተማ ግንባታ ኅዳር 2011 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ መልኩ እየተለወጠ ነው። የከተማ ባቡሩ በላዩ ያልፋል፤ የጅቡቲው ባቡር አሁን የሚነሳው ከከተማው ዳር ነው። ቡፌ ደ ላጋር የጨፈሩ ሰዎች ዛሬ መቋሚያ ይዘዋል።

ልማቱ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለው ሌላ ጽሑፍ ነው። እኔ የምለው፣ ሰፈር ሲነሳ እድሩም አብሮ ይበተናል። አንዱ አያት፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ገላን ጉራ። የሟቹን ወረቀት የሚያነበው ሰው ሟቹን የማያውቅ ጎረቤት የሚሆንበት ጊዜ እየመጣ ነው። ያኔ ወረቀቱ ከአሥራ አራት ዓረፍተ ነገር ወደ ሰባት ይወርዳል።

እንግዲህ የዚህ ቅዳሜ የቤት ሥራ ይሄ ነው። ቤት ውስጥ ትልቁን ሰው ፈልጉ። ስልኩን መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፣ እየቀዳችሁ መሆኑንም ንገሯቸው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ በልጅነትዎ ጫማ የገዛልዎት ማን ነበር? ዝም ካሉ ጠብቁ። ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አላችሁ።